አስቀድሰው ይጨርሳሉ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ንግግርም ተደረገልኝ። አንዱ ስለ ክትባት ዘመቻው አወራ፣ አንዷ ስላዋለድኋቸው ሕፃናት ተናገረች፣ አለቃችን ደግሞ ሰዓት አክባሪነቴን አነሣ። እሱስ ሽሙጥ ነበር፤ አርፋጅ መሆኔን ፍኖተ ሰላም ሁሉ ያውቃል። ዕድሜዬን የጨረስሁበትን ሥራ ግን አንድም ሰው ስሙን አልጠራውም። አልተቀየምኋቸውም። ምሳ ቀርቦ፣ ትልቅ ትንሹ ተቀምጦ፣ «ሲስተር ስንዱ ሽንት የሚያመልጣቸውን ሰዎች ስትረዳ ኖረች» ብሎ መናገር ይከብዳል። እኔም ብሆን ሰው ሲጠይቀኝ «ነርስ ነኝ» ብዬ ነው የማልፈው። አሁን ግን ጡረተኛ ነኝ፣ የሚቆጣኝ አለቃ የለም፤ ስለዚህ ያልተነገረውን እኔው ልናገረው።

ጀማሪ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ስመደብ የሴቶች ተመላላሽ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር የሺ ነበሩ። የደምበጫ ሰው ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ እንኳ የሚያባብሉ የሚመስሉ። መጀመሪያ ያስተዋልሁት ወንበራቸውን ነው። ሌላው ክፍል ስፖንጅ ያለው ወንበር ሲኖረው የሳቸው ክፍል ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነበረው። ድህነት መስሎኝ አዘንሁላቸው። በኋላ ግን አንዳንድ ታማሚዎች ገብተው ቆመው እንደሚቀሩ አየሁ። «ይቀመጡ» ሲባሉ «ግድ የለም፣ ቆሜ ይሻለኛል» ይላሉ። እሱን ደግሞ ትሕትና አልሁት። ሲስተር የሺ ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና «ይኸ ወንበር መታጠብ ልማዱ ነው፣ አይሳቀቁበት» ይላሉ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን ታያቸዋለች። ከዚያ ቁጭ ትላለች።

«ሽንት ያመልጥዎታል?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። እኔ አንድ ቀን ጠይቄ ሴትዮዋ «ምን በወጣኝ!» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሲስተር የሺ «እናንየ ልጄ፣ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ማን አዎ ይላል? አንቺስ ትያለሽ?» አሉኝ። የሳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር። ስለ ልጆች፣ ስለ አዝመራው ያወሩ ያወሩና እንደ ዘበት «አስቀድሰው ይጨርሳሉ?» ይላሉ። ቅዳሴ ረጅም ነው፤ መቆም አለበት፣ መስገድ አለበት፣ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት አለበት። ሴትዮዋ «እጨርሳለሁ» ካለች ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋሉ። «በፊት እጨርስ ነበር» ካለች ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። «ኸውጭ ሆኜ ነው የማስቀድስ» ካለች ብድግ ብለው በሩን ይዘጋሉ። ሽንት ውዱእን፣ የስግደቱን ትጥበት፣ ስለሚያፈርስ ለሙስሊሞቹም «ውዱእዎ እስኪሰግዱ ይቆያል?» የሚል ጥያቄ ነበራቸው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ትምህርት ቤት ስለ ፊኛ ተምሬያለሁ፣ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ በሥዕል አይቻለሁ፤ ሰው ሽንቱን መያዝ ሳይችል እንዴት እንደሚኖር ግን ማንም አላስተማረኝም። ያስተማሩኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው። ያረጀ ነጠላ በስንት ታጥፎ ከየት እስከ የት እንደሚያደርስ ልክ አድርገው ያውቃሉ። ጅጋ ገበያ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሸጥ ነበረች፤ ስትቀመጥ ሳይሆን ከተቀመጠችበት ስትነሣ የሚሆነውን ስለምትፈራ። መኪና ላይ የሰው ጎን ላለመቀመጥ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የምትመጣ ነበረች። ጠቆር ካለ ቀሚስ ሌላ ገዝታ የማታውቅ፣ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ቀድማ ወንዝ የምትወርድ፣ «ጎበዝ» ስትባል ዝም የምትል ነበረች። ባሏ እንኳ የማያውቅባት ነበረች። በአንድ ቤት፣ በአንድ መደብ፣ ያን ያህል ዘመን! እኔ ለባሌ ስጦታ ገዝቼ እንኳ ደብቄ ማሳደር አልችልም።

ሲስተር የሺ ይህን ብልሃት አይንቁም፤ ያርሙታል እንጂ። ሴቶቹ ጨርቁን ሰው እንዳያይባቸው ጓሮ ጥላ ውስጥ ስለሚሰጡት በደንብ ሳይደርቅ ይታሰራል፣ ቆዳቸውን ይልጠዋል። ፀሐይ ላይ ስጡት ሲባሉ «ኧረግ፣ ሰው ያየኝ የለም?» ይላሉ። ሲስተር የሺ ገመድ ወጥረው አሳዩዋቸው፤ ጨርቁ ከሥር፣ ስስ ነጠላ ከላይ። ፀሐዩ ያልፋል፣ የሰው ዓይን አያልፍም። ቁስሉን በቫዝሊን፣ ጨርቁን በፀሐይ፣ ሴትዮዋን በጨዋታ ነበር የሚያክሙት። በየወሩ በምንልከው ሪፖርት ላይ ለዚህ ሥራ መሙያ ቦታ አልነበረም፤ «ልዩ ልዩ» በሚለው ውስጥ ያልፋል።

እናትነሽን ግን አጣናት። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ገና ልጅ እግር ነበረች። ምጡ ጠንቶባት ልጇ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ሽንቷ ሌት ተቀን ይፈስ ጀመር። ፌስቱላ ነው፤ ፊኛዋ ተበስቷል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልካ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ቀዳዳውም በሚገባ ተዘጋ። ስትመለስ ዘመድ በግ አርዶ ተቀበላት። እዚያው ድግስ ላይ፣ እንግዳ ልታስተናግድ ብድግ ስትል፣ ፈሰሰባት። ቀዳዳው ቢደፈንም ሽንቱን የሚይዘው ጡንቻ ደክሞ ኖሯል። እንዲህ ያለም እንደሚያጋጥም የነገራት አልነበረም። ሁሉም ያላት «ድነሻል» ነው።

አንድ ጠዋት መጥታ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ፊት በሽተኛ ነበርሁ፣ ሰው ያዝንልኝ ነበር» አለች። «አሁን የዳንሁ ነኝ አሉ። የዳነ ሰው ሲሸና ምን ይባላል?»

ሌላ ቀን እንድትመጣ ለምነናት እሺ ብላ ሄደች፣ አልመጣችም። ሲስተር የሺ ማንኩሳ ወርደው፣ ከዚያም በእግር ገጠሩ ድረስ ሄደው ፈለጓት። ወደ ቡሬ ሄዳለች ተባሉ፤ ቡሬ የት፣ ከማን ጋር፣ የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ «ይድናሉ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። በምትኩ «አብረን እንይዘዋለን» ይሉ ጀመር።

በኋላ እኔም ቡሬ ተዛወርሁ። ደመወዙ ያው ነበር፣ የቤት ኪራዩ ግን አይጣል! ገበያ በወጣሁ ቁጥር የሴቶችን ፊት አያለሁ፤ እናትነሽን አላገኘኋትም። ያገኘሁት አያ አድማሱን ነው። ዘራቸው ከአዊ የሆነ፣ አማርኛውንም አገውኛውንም የሚያቀላጥፉ፣ ፈረሳቸው ያማረ ገበሬ ነበሩ። አገሩ ኩራተኛ ይላቸዋል፤ ሽማግሌ ሲያገኙ እንኳ ሰላምታ የሚሰጡት ከፈረስ ሳይወርዱ ነው። የገዛ አማቻቸው ቀብር ላይ ሳይወርዱ ቆመው መመለሳቸው ትልቅ ነውር ሆኖ ይወራ ነበር።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። አያ አድማሱ ፈረሳቸው ላይ ሆነው ከዘበኛው ጋር ይጨቃጨቃሉ።

«ይውረዱ እንጂ አያ፣ ፈረስ ታክሞ አያውቅም እዚህ!» አልኋቸው።

«አልወርድም።»

«ምን ሆነው ነው?»

ዝቅ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «የኔን ነገር ኮርቻው ነው የሚያውቀው» አሉኝ።

ገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን ኩራት የተባለው እርጥብ ሱሪ ነበር። ከፈረስ ላይ አይታይም፤ ከወረዱ ይታያል። ዘበኛውን ሰዉን እንዲበትን ልኬ ጋቢዬን አውልቄ ሰጠኋቸው፣ ያን አሸርጠው በጓሮ በር ገቡ። ፕሮስቴት ነው፤ ፊኛቸው ሞልቶ ከመጠን በላይ ተወጥሮ፣ የተረፈው ነበር የሚንጠባጠበው። ለኦፕራሲዮን ላክናቸው፣ በደኅና ተመለሱ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ለመሳም ከፈረስ ይወርዳሉ። አማቻቸው መቃብር ላይም ሄደው ወርደው አለቀሱ ተብሎ ተነገረኝ። ሰው ነውሩን ለመሸፈን ሌላ ነውር ተሸክሞ መኖር መቻሉ፣ ያውም ሳያማርር፣ ከሕክምናው ይልቅ አስደነቀኝ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሲስተር የሺ ጡረታ ወጥተው ደምበጫ ገብተው ነበር። ሰማያዊው ወንበር ግን ጠበቀኝ። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ፓድ ቀርቶ ጓንት እንኳ ይጠፋል፤ እጃችንን፣ አፋችንንና ያን ወንበር ይዘን ሠራን። በዚህ ጊዜ ነው ጥሩዬ የመጣችው።

ከጅጋ ገጠር ነው የመጣችው። ብብቷ ሥር የተጠቀለለ አጎዛ ይዛለች። ገብታ ቆመች።

«ይቀመጡ፣ ወንበሩ መታጠብ ልማዱ ነው» አልኋት።

«አንቱታውን ተይኝ፣ አስረጀሽኝ። እኩያሽ ነኝ» አለችና አጎዛዋን ወንበሩ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። የትም ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች፤ ማኅበር ላይም በሩ አጠገብ እሱን አንጥፋ ነው የምትቀመጠው። ሴቶቹ «ጥሩዬና አጎዛዋ መጡ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ወገቤን ብርድ አይስማማውም ትላለች።

«እሺ ጥሩዬ፣ አስቀድሰሽ ትጨርሻለሽ?»

«ኸግቢው ወይራ ሥር ነው የማስቀድስ» አለች። «ስድስት ወለድሁ። ኸስድስተኛው ወዲህ ቤተ ክርስቲያኔ ወይራው ነው። ማንም አልከለከለኝ፣ እኔው ነኝ የወጣሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን አመጣሽ?»

የልብ ጓደኛዋ ልጅ ሴት ልጅ ወልዳለች። ጓደኛዋም በሰው ፊት «ክርስትናውን አንቺ ታነሺልኛለሽ» አለቻት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ የክርስትና እናቷ ከውሃው ተቀብላ፣ ታቅፋ፣ ቅዳሴው አልቆ እስክትቆርብ ድረስ ከውስጥ መቆም አለባት። «እምቢ ብል፣ ምን በደልኋት ትላለች። እሺ ብል፣ ታቦቱ ፊት ልፈስ ነው» አለችና እጄን ያዘችኝ። «ዶክተር፣ ኸሰማንያው በፊት ድፈኚኝ!»

እናትነሽ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። «ዶክተርም አይደለሁ፣ አልደፍንሽምም» አልኋት። «አብረን እንይዘዋለን።»

ልመረምራት መቀነቷን ፍቺ አልኋት። እኔ ጫፉን ይዤ እጄ ላይ እጠቀልላለሁ፣ እሷ ትዞራለች፤ አያልቅም። የአገራችን ሴት ከወለደች በኋላ ሆዷን የምትሰበስበው በመቀነት ነው፤ ጥሩዬም ሽንቷ ባመለጣት ቁጥር ዙሩን ስትጨምር፣ ስታጠብቅ ኖራለች። ሲያልቅ ወገቧ ላይ የመቀነቱ ሰንበር ታትሟል።

«ስልቻ እህል ሞልተሽ ወገቡን ብታጠብቂው፣ እህሉ ወዴት ይሄዳል?» አልኋት።

«ወዳፉ ነዋ።»

«አፉ ወደ ታች ቢሆንስ?»

ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጥሩዬ! ይኸን ሁሉ ዘመን ስጨምቀው ነው የኖርሁ?»

ውሃም አትጠጣም ነበር። ጠጪ ስላት «ኧረግ! በሚያፈስ ጣራ ዝናብ ልጨምር?» ብላ ሣቀችብኝ። ሽንት ሲወፍር ፊኛን እንደሚያቃጥል፣ የተቃጠለ ፊኛ ደግሞ ጠብታ እንኳ አልይዝም እንደሚል እስክታምነኝ ብዙ ተከራከርን። ቀስ በቀስ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቀኑን ሙሉ እንድትጠጣ ተስማማን። ሽንት ቤት የምትሄደውም ሲጨንቃት ሳይሆን በሥራዋ ልክ እንዲሆን፤ ከብቱ ሲለቀቅ፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት፣ ከብቱ ሲገባ፣ ከመኝታ በፊት።

የቀረው ጡንቻው ነው። ሲስተር የሺ ያስተማሩኝን እንዳለ ደገምሁላት። «ማኅበር ላይ ቄሱ ጎን ተቀምጠሽ የሆድ ነፋስ ቢመጣብሽ እንዴት ትይዥዋለሽ?» ሣቀች። ስትሥቅ አመለጣት፣ ሲያመልጣት ይበልጥ ሣቀች። ወንበሩ ልማዱ ነው፣ አጠብነው። ከዚያ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ፣ ሆዷን ሳትወጥር፣ ትንፋሿን ሳታፍን፣ የታችኛውን ብቻ ወደ ላይ መሰብሰብና መልቀቅ ተለማመድን። ጄሪካን ከማንሳትሽ በፊት፣ ከማሳልሽ በፊት፣ ቀድመሽ ያዥ አልኋት። ለክርስትናው ወደ ውስጥ ስለ መግባቷ ግን እኔ አልፈረድሁም፤ ወደ ነፍስ አባቷ ሰደድኋት። «ሕመም እንጂ ኃጢአት አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ ታጥቀሽ ግቢ» አሏት።

ሁለተኛ ስትመጣ ፊቷ በርቷል። እስከ መቼ ይዛ መቼ እንደምትለቅ ግራ ብሏት ኖሮ መላ አግኝታለች። «ስፈትል እንዝርቱን አሾረዋለሁ፤ ክሩ እየረዘመ ሲሄድ እይዛለሁ። ክሩን ስጠመጥም እለቃለሁ» አለችኝ። በአየር ላይ ስታሳየኝ እጇን አየሁ። መያዝና ማረፍ፣ መያዝና ማረፍ፤ እኔ ሰዓት አውጥቼ የማስቆጥረውን እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ በእጇ ታውቀዋለች። አገጬን ይዤ ቀረሁ። ለዚያች ሕፃን የሚሆን ነጠላ ልታሠራ ጥጥ መፍተል ከጀመረች ሰንብታ ነበር፤ ክሩ በረዘመ ቁጥር ጡንቻዋም ይበረታል ማለት ነው።

ፈጽሞ አልቆመላትም። ሳል ሲጠናባት ጠብ ይላል። ክርስትናው ሲቃረብ ፍርሃቷ ተመለሰ፣ መቀነቷን እንደ ድሮው ልታጠብቅ ዳድቷትም ነበር። «ላላ አድርገሽ ታጠቂ፣ ጨርቅሽን አትርሺ፣ ከመግባትሽ በፊት ሽንት ቤት ሂጂ» አልኋት። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ነበር ክርስትናው። አርፍጄ ደረስሁ፣ ቅዳሴ ገብቷል። ወደ ግቢው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወይራውን ነው። ሥሩ ሰው አልነበረም። ወደ ውስጥ ገብቼ በሴቶች በኩል ከኋላ ቆምሁ፤ ከፊት የጥሩዬን ጀርባ አየሁት፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ጠቆር ያለ እንጂ ነጭ ለብሳ አይቻት አላውቅም። በየስግደቱ እኔ በሷ ፋንታ እይዛለሁ፤ እግሬ እስኪዝል ድረስ ያዝሁ። ሕፃኗ አለቀሰች፣ ዝም አለች፣ ቆረበች። ጥሩዬ ንቅንቅ አላለችም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ በሩ አጠገብ ጠበቅኋት። ብቅ ስትል የቀሚሷ ፊት ረጥቦ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ልሸፍናት ወደሷ ተጣደፍሁ።

ጥሩዬ ፊቴን አይታ በሣቅ ፈነዳች። «ምነው ደነገጥሽ? ይኸማ የወለተ ማርያም ነው!» ብላ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ያች ወለተ ማርያም የተባለች ጉድ፣ ጥሩዬ የፈተለችላትን አዲስ ነጠላ አርሳ፣ አሳልፋ ቀሚሷ ድረስ ደርሳለች። ሴቶቹ ከበው ሣቁ፣ እልል አሉ። ጥሩዬ በእርጥብ ቀሚስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መሃል ቆማ ትሥቃለች። እኔ አለቀስሁ፤ አላፍርም፣ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስሁት።

ጠጋ አለችኝና በጆሮዬ «አስቀድሼ ጨረስሁ» አለችኝ። «ጠብ አላለም አልልሽም፤ ስግደቱ ላይ ትንሽ ነበረች። ጨርቁ ያዛት። እኔ ቆምሁ።»

ለድግሱ ግቢ ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ ነበር። ጥሩዬ በሩን አልፈለገችም፣ ዳሩንም አልፈለገችም። ሴቶቹን «ጠጋ በሉልኝ» አለችና ሕፃኗን ታቅፋ ከመሃላቸው፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። ከነሱ አንዷ፣ እንደ ወትሮው ልትቀልድባት፣ «ጥሩዬ፣ አጎዛሽስ?» አለቻት።

«ቤት ነው» አለች ጥሩዬ። «ዛሬ ምን ያደርግልኛል?»